ፊት ይቆይ፣ እጅ ይታይ

ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት የሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊና ስለ አንድ ችኮ ሶፍትዌር ነው። «ሶፍትዌር» ስላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ ዙም ነው። ለቅሶ ደርሳችሁበታል፣ ሠርግ አይታችሁበታል፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ካሜራውን ዘግታችሁ ወጥ አማስላችሁበታል። ልብስ መቁረጥ የተማረበት ግን ከመካከላችሁ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሴትዮዋን ስም ልተወው። ሰፈሩ «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኛም «እትዬ» እንበላቸው። ሱቃቸው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ነጠላውና ቀሚሱ በየደጁ ተሰቅሎ ነፋስ በሚጫወትበት መንገድ ላይ ነው። እትዬ ሰፍተው መሸጥ ብቻ አይደለም፤ ያስተምራሉ። ልኬት መውሰድ፣ ፓተርን በካርቶን ማውጣት፣ ጥለቱ ደረት ላይ የቱ ጋ እንደሚያርፍ፣ እጅጌው ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ አንገቱ ክብ ይሁን ወይስ ሾጠጥ ይበል፤ ይኼን ሁሉ በአንድ ሰፊ ጠረጴዛ ዙሪያ ልጆች ሰብስበው ሲያሳዩ ኖረዋል።

የዚህን አገር ነገር ታውቁት የለ፣ ጠረጴዛው ተበተነ። አንዷ ለሥራ ዱባይ ሄደች። አንዷ ቤተሰቧ ጋ ቴል አቪቭ ተጠቃለለች። አንዷ ተድራ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባች። አንዷ ሐዋሳ ሱቅ ከፈተች። አዲስ አበባና ዙሪያዋ የቀሩት አራቱም ቢሆኑ አንዷ ከገላን፣ አንዷ ከሱሉልታ እየተነሱ በታክሲ መመላለሱ መረራቸው። ሁሉም ታዲያ እየደወሉ አንድ ነገር ይላሉ፤ «እትዬ፣ ትምህርታችን እኮ ሳያልቅ ነው የተለያየነው። በስልክም ቢሆን ያስተምሩን እንጂ!»

«ስፌት በስልክ?» አሉ እትዬ። «በሉ እንግዲህ ቡናውንም በስልክ አጠጡኝ።»

የእህታቸው ልጅ ግን እዚያው ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው፤ እጁ የሚበላው ዓይነት ልጅ። ላፕቶፑን ከፈተና ጠየቃቸው።

«ልጆቹ በምን ነው የሚደውሉልዎት?»

«በዋትስአፕ ነዋ!»

«የዱባይዋም?»

እዚህ ላይ ነገሩ ተንቀረፈፈ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በዋትስአፕ መጻፉን ትፈቅዳለች፤ መደወሉን ግን ለዓመታት ዘግታ ኖራለች። ለዱባይዋ ልጅ መልእክቱም ፎቶውም ይደርሳታል፤ ጥሪ ሲሆን ግን እምቢ ይላታል። ስለዚህ ዋትስአፕ ወደቀ። ቀጥሎ ሦስት አማራጭ ቀረበ። ጉግል ሚት በነፃ ሲሰጥ የቡድን ጥሪውን በ60 ደቂቃ ያቋርጣል። ዙም በ40 ደቂቃ ያቋርጣል። ጂትሲ የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ቡልጋሪያዊ ተማሪ የጀመረው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሲሆን፣ እንዲህ ባለ ገደብ አያስጨንቅም። የልጁ ልብ ያረፈው ጂትሲ ላይ ነበር፤ የኮምፒውተር ተማሪ አይደል፣ «ክፍት ነው» ሲባል ይቀልጣል። እትዬ ግን የዙምን ነገር ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

«አርባ ደቂቃ? ራሱ ይዘጋል? ማንም ሳይቀየም?»

«ማንም አይቀየምም፤ ራሱ ይዘጋል።»

«እሱን አምጣልኝ። ቆርጬ የማሳየው ከአርባ ደቂቃ አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወሬ ነው። ይዘጋና እያንዳንዷ ለብቻዋ ትስፋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ይግቡና የሰፉትን ያሳዩኝ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የወደድኩት ይኼን ነው። ዓለም ሁሉ የሚያማርርበትን ገደብ ሴትዮዋ ደወል አደረጉት። በእርግጥ ሌላም ምክንያት ነበረ፤ በብር ካርድ የውጭ አገር ምዝገባ መክፈል ምን ዓይነት ጣጣ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የሲልቨር ስፕሪንጓ «እኔ ልክፈለው» ብትል እትዬ «ገና ሳላስተምርሽ ዕዳ ታገቢኛለሽ?» ብለው አሳፈሯት።

እሑድ ምሽት ደረሰ። ዘጠኝ ሰው በዘጠኝ ሳጥን ብቅ ብቅ አለ። ትምህርት እንዳይመስላችሁ! ገሚሱ ያለቅሳል፣ ገሚሱ ይስቃል። ዓመት ሙሉ ያልተያየ ሰው እንዴት ሰላም እንደሚባባል ታውቃላችሁ፤ የእናት ጤና አለ፣ የአባት አለ፣ የጎረቤት አለ። ለዚያውም ዙም ላይ ሁለት ሰው አንዴ ሲናገር አንደኛው ይዋጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰላምታ እንደገና ተጀመረ። ሃያ ደቂቃው በዚህ አለቀ።

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንድ ቁራጭ ጥለት አንስተው ወደ ላፕቶፑ አስጠጉ። «በሉ ይኼን እዩልኝ።»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ይኼን! ዓይናችሁ የት ነው?»

ጥለቱ የለም። ልጁ የሱቁን ዝብርቅርቅ ለመደበቅ ብሎ ከጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘውን ነገር ከፍቶት ኖሯል። ሶፍትዌሩ ሰውን ከዕቃ ይለያል፤ የእትዬን ፊት «ሰው» ብሎ አስቀረው፣ ጥለቱን «ዕቃ» ብሎ አጠፋው። እትዬ ወደ ስፌት መኪናቸው ዞሩና መርገጥ ጀመሩ። መዘውሩ ሲዞር ይታያል፣ ድምፅ የለም። የሐዋሳዋ «እትዬ፣ እኔ ጋ ድምፁ ጠፋ» አለች፤ ሌሎቹም «እኔም ጋ፣ እኔም ጋ» አሉ። እትዬ «ይሰማችኋል?» ሲሉ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል! ድምፃቸው አለ፣ የመኪናው የለም። ይባስ ብሎ የቀኝ እጅጌ ሊያሳዩ ሲሞክሩ ራሳቸውን ስክሪን ላይ ያያሉ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታያቸዋል፣ ሊያስተካክሉ ያዞሩታል፤ ዙም ግን የሚያገላብጠው ለራሳቸው ብቻ ነው፣ ለልጆቹ ልክ ነበረ። ባስተካከሉ ቁጥር አበላሹት። ከዚያ አርባ ደቂቃው ሞላና ዙም ዘጋ። ማንም ሳይቀየም፣ እንደተባለው።

እስቲ ወጉን እዚህ ጋ ገታ ላድርገው፤ ለምን እንደዚህ እንደሆነ ሳልነግራችሁ ባልፍ ሶፍትዌሩን ያለ ጥፋቱ ትሰድቡታላችሁ።

ምስል እያዩ መነጋገር የቆየ ምኞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ በኒው ዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ «ፒክቸርፎን» የሚባል አወጣ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ፣ በዋሽንግተንና በቺካጎ ለሕዝብ ጣቢያ ከፈተለት፤ ለሦስት ደቂቃ ከ16 እስከ 27 ዶላር ያስከፍል ነበር። የዚያን ዘመን ዶላር ነው እንግዲህ! ሰውም አልተሻማበትም። የዙምን አባት የኤሪክ ዩዋንን ነገር ደግሞ ስሙ። ቻይና ውስጥ ተማሪ ሳለ የሚወዳትን ልጅ ለማየት አሥር ሰዓት ያህል በባቡር ይሄድ ነበርና፣ ሳይሄድ ፊቷን የሚያይበትን መላ ያልም ነበር። አሜሪካ ሊሄድ ቪዛ ጠየቀ። ስምንት ጊዜ ከለከሉት፤ በዘጠነኛው ሰጡት። (የአሜሪካ ኤምባሲ ከእትዬ ሱቅ ሩቅ አይደለም፤ ይኼን ሲሰሙ «ዘጠኝ ጊዜ? የኛ ልጆች በሁለተኛው ነው ተስፋ የሚቆርጡት» አሉ።) እ.ኤ.አ. በ1997 ገባ፣ ዌብኤክስ የሚባል የስብሰባ ሶፍትዌር ላይ ዓመታት ሠራ፣ በ2011 ወጥቶ የራሱን ጀመረ። ወረርሽኙ ሲመጣ በ2019 መጨረሻ በቀን 10 ሚሊዮን የነበረው የስብሰባ ተሳታፊ በመጋቢት 2020 ከ200 ሚሊዮን አለፈ።

አያችሁ? ሁሉም የፊት ናፍቆት ነው። ሶፍትዌሩ የተገራው ፊት እንዲፈልግ፣ የሰው ንግግር እንዲለይ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ ረብሻ ብሎ እንዲያጠፋ ነው። የስፌት መኪና ለእሱ ከጎረቤት የሚመጣ ጫጫታ ነው፤ ጥለት ከጀርባ የተሰቀለ ዕቃ ነው። ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ደግ ነው። ሥራው ከፊት ላይ ሳይሆን ከጣት ላይ ላለ ሰው ግን ጣጣ ነው።

ልጁ ይኼን ሲያስረዳ አንድ ነገር ጨመረ፤ እትዬን ያሸነፈውም ይኸው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1991 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ቡና ሲያምራቸው እየሄዱ ማንቆርቆሪያውን ባዶ እያገኙት ተናደዱ። አንድ ካሜራ ማንቆርቆሪያው ላይ ደገኑና ምስሉን በየኮምፒውተራቸው ያዩ ጀመር። በ1993 ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ የዓለም የመጀመሪያው የኢንተርኔት ካሜራ የሚባለው እሱ ነው።

«ታዲያ መጀመሪያ የታየው ቡና ነው በለኛ!» አሉ እትዬ።

«አዎ። ፊት አይደለም።»

«እንግዲያውስ የኔንም ፊት ተወው። ጠረጴዛዬን አሳይልኝ።»

እውነተኛው ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ልጁ ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ ራቅ አድርጎ አቆመ፤ በላያቸው የመጋረጃ ዘንግ አጋደመ፤ ዘንጉ መሃል ላይ የእትዬን ስልክ በጎማ ጠፍሮ ካሜራውን ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረው። ያ ስልክ ለብቻው እንደ አንድ ተማሪ በሊንኩ ገባ፤ ስሙም «የእትዬ እጅ» ተባለ። ድምፅ ግን አላገናኘውም። ይኼን ልብ በሉ፤ ሁለት መሣሪያ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ማይክና ስፒከር ከፍተው ከገቡ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ ይጮሃል፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ስልኩ ያያል፣ ላፕቶፑ ይሰማል፤ ሥራ ተከፋፈሉ። ከዚያ ልጁ «የእትዬ እጅ» የሚለውን ሳጥን ለሁሉም ስፖትላይት አደረገው። ፒን ማድረግ ለራስህ ብቻ ነው፤ ስፖትላይት ግን የሁሉንም ስክሪን ይይዛል፤ ማንም ተናገረ ማን ትልቁ ምስል እጅ ሆኖ ይቆያል።

ስልኩ በደረቱ ሲተኛ ግን ላይና ታቹ ጠፋው። ስልክ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው ወዴት ማዘንበሉን የሚያውቀው፤ ተጋድሞ ሲንጠለጠል ግራ ይገባዋል፤ ምስሉ በቆረጣ መሃል ዞር ይላል፣ እትዬ ወደ ላይ የሚቆርጡት ጨርቅ ድንገት ወደ ጎን ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የስልኩን መዞሪያ መቆለፍ። ካሜራውም ከተማሪ ጎን ሳይሆን ከእትዬ ጎን እንዲያይ ተደረገ፤ ልጆቹ በእትዬ ቦታ ቁጭ ብለው የሚቆርጡ ይመስላቸዋል፤ ቀኝም ቀኝ፣ ግራም ግራ ሆነ።

ድምፁስ? ዙም ሴቲንግ ውስጥ ለሙዚቀኞች ተብሎ የተሠራ አለ፤ ድምፁን ሳያጣራ እንዳለ የሚያሳልፍ። እትዬ መኪና ሲረግጡ ልጁ እሱን ይከፍታል፣ ሌሎቹ ሁሉ ሚውት ያደርጋሉ። «ድምፁ ምን ያደርግላችኋል?» ትሉኝ ይሆናል። ሰፊን ጠይቁ! ክሩ ሲጠብቅ፣ መርፌው ሲደንዝ፣ ስፌት ሲዘል ከዓይን በፊት ጆሮ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ነጩ መጣ። ሸማ ነጭ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ስክሪኑን ሁሉ ይሞላል። የስልክ ካሜራ ደግሞ ነጭ ብቻ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። የሳባው ሸማ አመድማ ሆነ፤ የቴል አቪቧ «እትዬ፣ ያደረ ነው እንዴ?» ብላ አስቀየመቻቸው። ልጁ ከሸማው ሥር ግራጫ ካርቶን ሰፋ አድርጎ አነጠፈና ካሜራው ከነጭ ሌላ የሚለካው አገኘ። አምፖሉንም ከአናት አውርዶ ከጎን አደረገው። ብርሃን ከጎን ሲመጣ የድርና የማጉ ጥላ ይወጣል፤ የጨርቁ ውፍረት ይታያል። ከአናት ሲመጣ ግን ጨርቅ ሁሉ አንድ ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም፤ የጥለቱ ቀለም። እትዬ ቀጭን ቀይ መስመር ከአረንጓዴ አጠገብ የሄደበትን ጥለት ሲያሳዩ ልጆቹ የሚያዩት ቡናማ የመሰለ ነገር ነው። ልጁ ካሜራ ቀየረ፣ መብራት ቀየረ፣ ዋይፋዩን ነቅሎ በኬብል አደረገው፤ ወይ ፍንክች! በኋላ ነው ያገኘው። የቪዲዮ ጥሪ ምስሉን ለማቅለል ሲል ብርሃንና ጥላውን በየነጥቡ ይይዛል፤ ቀለሙን ግን ለአራት ነጥብ አንድ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። የሰው ዓይን ፊት ላይ ይኼን አያስተውልም፤ የጉንጭ ቀለም ከነጥብ ወደ ነጥብ ብዙ አይለዋወጥምና። ጥለት ግን ሥራው ሁሉ ከክር ወደ ክር መለዋወጥ ነው። ቀዩና አረንጓዴው በአንድ ቀለም ቤት ገቡና ተደባለቁ። ይኼ በሴቲንግ አይስተካከልም፤ ከሥሩ እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው።

ስለዚህ ጥለት ከዙም ወጣ። ከትምህርቱ በፊት ቀን ላይ፣ በፀሐይ፣ ደጅ ወጥተው ፎቶ ያነሱታል፤ በቴሌግራም ቡድናቸው ይልኩታል። ለዚያውም በፎቶ ሳይሆን በፋይል፤ በፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ በፋይል ግን እንዳለ ይደርሳል። ልጆቹ ጥለቱን በስልካቸው አስፍተው ክር በክር ይቆጥራሉ፤ እጁን በዙም ያያሉ። እኔ ከዚህ ወዲህ «ምን ዓይነት ሶፍትዌር ልጠቀም?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ «ምንህን ነው የምታሳየው?» እለዋለሁ። ያልለየ ሰው ካሜራ ሲቀያይር ይኖራል።

ገንዘቡን እንዳልዘለው። ዳታ ገንዘብ ነው። ዙም ራሱ በሚያወጣው መመዘኛ፣ በቡድን ጥሪ ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ ለመላክ በሰከንድ 1 ሜጋቢት፣ ለመቀበል 600 ኪሎቢት ያስፈልጋል። ድምፅ ብቻውን ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ነው። በአርባ ደቂቃ ሲሰላ የሚልክ ሰው ወደ 300 ሜጋባይት፣ የሚቀበል ወደ 180 ሜጋባይት ይበላል፤ ድምፅ ግን 24 ሜጋባይት ቢሆን ነው። የሐዋሳዋ በፓኬጅ ነው የምትገባው፤ ፊቷን ዘግታ ስትቀበል ብቻ ወጪዋ ከግማሽ በታች ወረደ። ፓተርን ሲሆን ደግሞ እትዬ ቪዲዮውን ዘግተው ሥዕሉን ስክሪን ላይ ያጋራሉ፤ የማይንቀሳቀስ ነገር እምብዛም አይበላም፣ በሰከንድ ከ75 ኪሎቢት አያልፍም።

«ለስምንት ሰው ስልክ ስምንት እጥፍ አይበላብኝም?» ብለው እትዬ ጠይቀው ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። በመሃል ሰርቨር ባይኖር እውነታቸውን ነው፤ ስምንት ቅጂ መላክ ነበረባቸው። ልጁ በእድር አስረዳቸው፤ ዳኛው ለጥሩንባ ነፊው አንዴ ይነግሩታል፣ በየደጁ የሚዞረው እሱ ነው። የእትዬ ስልክ አንዴ ይልካል፤ የሚያባዛው ሰርቨሩ ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ቲያትር ነው። እትዬ በቴሌግራም «እሑድ 2 ሰዓት» ብለው ጻፉ። ለእኛ ምሽት ነው፣ ማን ይስታል? የሲልቨር ስፕሪንጓ ግን አገሩን ለምዳለች፤ በአሜሪካ ቆጠራ ከሰዓት በኋላ በ2 ከች አለች፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል፣ ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ እየሰፉ ነው። የዱባይዋ ደግሞ ስድስት ደምራ «8» ካለች በኋላ ዱባይ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት እንደምትቀድም ረሳች፤ አንድ ሰዓት ቀድማ ገብታ ባዶ ክፍል ስትጠብቅ ቆየች። በዚህ ላይ የሰው አገር ሰዓት ይንቀሳቀሳል። ጥቅምት አጋማሽ ላይ የቴል አቪቭ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በሳምንቱ እሑድ የሜሪላንድም ይመለሳል። አዲስ አበባና ዱባይ ንቅንቅ አይሉም። ያቺ አንዲት ሳምንት መሃል ላይ ሁሉም የየራሱን ሰዓት ሲያስብ አብሮ መገኘት ፈተና ነው። ልጁ መጻፉን አስቀርቶ በየሳምንቱ የሚደጋገም ስብሰባ ከነካላንደሩ ላከላቸው፤ ስልካቸው በየአገራቸው ሰዓት ራሱ ይቀይረዋል። እትዬ ግን እስካሁን «ስልኩ ምን ያውቃል» ብለው ቅዳሜ ማታ ለእያንዳንዷ ይደውላሉ።

መብራት ሲጠፋስ? ጠፋ እኮ፤ ራውተሩ በፓወር ባንክ ቀጠለ፣ ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፣ አምፖሉ ብቻ ሞተ። በሌላ ቀን ኔትወርኩ ራሱ ሲሄድ የቴል አቪቧ ክፍሉን ይዛ ቆየች። በዚህ አላደክማችሁም።

የሚያስቀው የእርማቱ ቀን ነው። ልጆቹ የሠሩትን ቀሚስ ፎቶ ይልካሉ፤ እትዬ ስክሪን ላይ ያጋሩትና ሁሉም በየስልካቸው በላዩ እየሣሉ አስተያየት ይሰጣሉ። የመጀመሪያ ቀን ስምንቱም አንዴ ሣሉበት፤ ቀሚሱ በቀይ መስመር ተሸፈነ፣ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። ልጁ የሚሥለው ሰው ስም እንዲታይ አደረገ፤ ከዚያ ወዲያ ሰዉ ማሰብ ጀመረ! የሲልቨር ስፕሪንጓ የአንገቱን መስመር ዝቅ አድርጋ ሣለች። እትዬ መለሱት። ዝቅ አደረገች። መለሱት።

«እትዬ፣ እዚህ ያሉ ደንበኞች እንዲህ ነው የሚወዱት።»

«ደንበኛሽ እስክስታ አትመታም? ትከሻዋን ስታንቀጠቅጠው ይኼ አንገት የት ይቆማል?»

ዝም አለች። ቆይታ መስመሩን ሁለት ጣት ከፍ አደረገችው። እኔ በበኩሌ እትዬ አበዙት ባይ ነኝ፤ ግን የሚሰሙኝ አይደሉም።

አንድ እሑድ ታዲያ እትዬ ተራውን ገለበጡት። «እስካሁን የኔን እጅ አያችሁ። ዛሬ የእናንተን አሳዩኝ።» ሰላምታ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ በፊት፤ ከዚያ ሁሉም ካሜራውን ወደ ጨርቁ ያዙር። የገላኗ ስልኳን ከመደርደሪያ አንጠለጠለች፤ የሐዋሳዋ ታናሽ ወንድሟን አስይዛ አቆመችው፣ እጁ ሲደክመው ምስሉ ይወዛወዛል። የዱባይዋ የምትሠራበት ቤት ሰዎች ተኝተው ስለነበር ድምፅ ሳታሰማ በወጥ ቤቱ መብራት ገባች፤ ትንሽዬ የስፌት መኪናዋን ፎጣ ላይ አስቀምጣዋለች።

እትዬ ስፖትላይቱን አንድ በአንድ እያዞሩ ተመለከቱ። የዱባይዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንድ ጊዜ ደግመሽ ስፊ እስቲ።»

ሰፋች።

«የግራ እጅሽ የት ነው?»

«ከኋላ፣ እትዬ። ጨርቁን እየሳብኩ ነው።»

ከመርፌው ኋላ ጨርቅ የሚስብ እጅ መርፌውን ያጎብጣል፤ ስፌቱም አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር እየሆነ ይወጣል። ጨርቅ መሳብ የመኪናው ጥርስ ሥራ ነው፤ እጅ ይመራል እንጂ አይጎትትም። እትዬ ይችን ልጅ ሁለት ዓመት ጠረጴዛ ላይ አስተምረዋታል። ስፌቷ ለምን እንደሚሸበሸብ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስቡ፣ ክር ቀይረውላት፣ መርፌ ቀይረውላት፣ መኪናውንም ጠርጥረውላት ነበር። በቀኟ በኩል ነበር የሚቀመጡት፤ የመኪናው አንገት ያን እጅ ይጋርድባቸው ነበር። አሁን ግን ካሜራው ከአናቷ ላይ ነው።

«እና እስከዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እስከዛሬ አላየሁትማ! ፍቺው። ከወገቡ ጀምረሽ እስከ ታች ፍቺው።»

መቀሷን አነሳች። ይኼኔ ከሜሪላንድ አንድ ማይክ ተከፈተ። «እትዬ... እኔም እንደዚያ ነው የምስበው መሰለኝ።»

«እጅሽን አሳዪኝ!» አሉ እትዬ፤ ልጁም ስፖትላይቱን አዞረ። አርባ ደቂቃው ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አንድ በአንድ አዩ፤ ከስምንቱ ሦስቱ ይጎትታሉ።

«ሦስታችሁም ፍቱ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አዲስ ስፌት ነው የማየው፤ ፊታችሁን አላውቅም፣ እጃችሁን ይዛችሁ ግቡ።»